የሰርጉ ማር

በወይራ አፋፍ ሰው ሲነጋ «እንዴት አደራችሁ» ከመባባሉ በፊት «ስንት ነው?» ይባባላል። መልሱም «ስምንት ነው፣ ተመስገን» ነው። በጽጌ ወራት፣ ኑጉ አብቦ አገሩ ሁሉ ቢጫ ሲለብስ፣ ቄሱም ይህንኑ ይጠየቃሉ፣ አራሷም ትጠየቃለች። የመንደሩ ኑግ አበባው ስምንት ቅጠል አለው። ከኮረብታው ማዶ ያለው የሰፊው እርሻ ኑግ ግን ዘጠኝ ነው፤ ሰው በከብቱ ጆሮ ላይ ምልክት እንደሚያደርገው ሁሉ ባለቤቶቹ ሆን ብለው ነው እንዲያ አድርገው የሠሩት። የመንደሩ ልጆች በዚህ ወር ሲቆጥሩ ከስምንት ወደ ዐሥር ይዘላሉ። መምህሩም አያርማቸውም።

ቆጠራው ደንብ አለው። የራሱን ማሳ የሚቆጥር የለም፤ ሰው የሚቆጥረው የጎረቤቱን ነው። ይርዳው ጎሹ የወይዘሮ እንጉዳይን ማሳ ይቆጥራል፣ እንጉዳይ ደግሞ የእሱን። እንጉዳይ ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያልወለደች፣ ሥራዋን እንጂ ሰው የማታይ ሴት ናት። የይርዳውን አንዲት ልጅ፣ ስናፍቅሽን፣ ክርስትና ያነሳቻት እሷ ናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ በስም ተጠራርተው አያውቁም። እሱም «አበልጄ» ይላታል፣ እሷም «አበልጄ» ትለዋለች።

በ2068 ዓ.ም. ጥቅምት መግቢያ ላይ፣ አንድ ማለዳ፣ ይርዳው በእንጉዳይ ማሳ ጥግ ቆሞ አንዲት አበባ ቆጠረ። ዓይኑን ጠረገና እንደገና ቆጠረ። ከዚያ ግራ ቀኙን አየ፣ አበባዋን ቀነጠሰ፣ አፉ ውስጥ ከተተና አኝኮ ዋጣት። ጣዕሟ እንደ ሳር ነበር።

«ስንት ነው፣ አበልጄ?» አለችው እንጉዳይ፣ ከእሱ ማሳ መሀል ቀና ብላ።

«ስምንት ነው፣ ተመስገን» አላት።

በማግስቱ ግን ከአጥሩ ጀምሮ የእንጉዳይን ማሳ ለሁለት ሰንጥቆ ወደ ኮረብታው የሚወጣ አንድ መስመር ሙሉ ባለ ዘጠኝ ሆኖ ጠበቀው። ሰው ማሳ ሙሉ አበባ በልቶ አይጨርስም። ሳምንት ሳይሞላ የመንግሥት የዘር ቢሮ በራሪ ቆጣሪ መሣሪያ በሰማይ ስታልፍ መስመሩን አየችው፤ ከሰዓት በኋላ ለአበባው ወራት የተዘጋው የመንደሩ በር ለቢሮው ተቆጣጣሪ ብቻ ተከፈተ።

የመንደሩ በር ሲባል እንዲያው አጥር እንዳይመስል። ወይራ አፋፍ ሰው የገዛ ዘሩን አስቀምጦ እንዲዘራ ከተፈቀደላቸው ጥቂት መንደሮች አንዱ ነው። ሌላው አገር በየዓመቱ ከሰፊው እርሻ ዘር እየገዛ ይዘራል። ስለዚህ ወደ መንደሩ የሚገባ ሁሉ መጀመሪያ ማራገፊያ ቤት ይገባል። ጫማው ይቦረሻል፣ ፀጉሩ ይነፋል፣ ልብሱ ይለወጣል። ኑግ ሲያብብ ደግሞ በሩ ጭራሽ አይከፈትም፤ ውጭ የሚኖር ዘመድ ቢሞት እንኳ በየራስ ቤት ተቀምጦ ማልቀስ ነው። ሕዝቡ ይህን ሁሉ ለምዶታል። ዘሩ ከተዳቀለ ግን ሕጉ አጭር ነው፦ ምልክቱ ያለበት ዘር የባለምልክቱ ነው።

ተቆጣጣሪዋ ሩሐማ የምትባል፣ ድምፅዋ ለስላሳ፣ ሰው ሳያቋርጣት ተናግራ የምትጨርስ ወጣት ናት። ሕዝቡን ሾላው ሥር ሰብስባ ነገሩን አስረዳች። መሣሪያው የትኛው አበባ እንደተዳቀለ ያውቃል፤ ማን እንዳዳቀለው ግን አያውቅም። ስለዚህ ቢሮው የጥንቱን አውጫጭኝ መልሶታል፣ ከመሣሪያው ሁሉ ርካሽ ሆኖ ስለተገኘ። የጥፋተኛው ስም ከወጣ ያ ቤተሰብ ብቻ መሬቱን ለሰፊው እርሻ ለቆ ይወጣል፤ ሌላው ዘሩን ይዞ ይኖራል። ፀሐይ እስክትጠልቅ ስም ካልወጣ የመንደሩ ጎተራ ሁሉ ይወሰዳል።

«አንድ ጆሮ ምረጡ» አለች። «ሁሉም ሰው ለጆሮው በየተራ ያንሾካሹካል። በመጨረሻ ጆሮው ተነሥቶ ወፍ እንዲህ አለችኝ ይላል። ወፏ ማን ናት ብሎ የሚጠይቅ የለም።»

«ይርዳው ይሁን» አሉ አያ ሞላ፣ የመንደሩ ሽማግሌ፣ አፏን ገና ሳትገጥም።

«ይርዳው ይሁን» አለ ሕዝቡ።

ይርዳው ደረቱ ውስጥ አንድ ነገር ሞቅ ሲለው ተሰማው። ይታመናል ማለት ነው። በዚያች ሰዓት፣ በዚያ ጭንቅ መካከል፣ መታመኑ ደስ አለው። ይህ ደስታው በኋላ ከሁሉም በላይ አሳፈረው።

ምክንያቱም ጥፋቱ የእሱ ነው። መጠርጠርም መመራመርም አያስፈልገውም፤ ያውቀዋል።

ይርዳው የመንደሩ ንብ ጠባቂ ነው። የመንደሩ ንቦች ከቢሮው የተሰጡ፣ ከኮረብታው ወዲያ እንዳይበሩ ተደርገው የተፈለፈሉ ሰነፎች ናቸው፤ ማራቸው ውኃ ነው፣ ቢጠጣም ቢተውም ያው። የውጭ ንብ መንጋ ከመጣ ደግሞ በመድኃኒት ጭስ መግደል የእሱ ሥራ ነው። ለዓመታት ሲገድል ኖሯል። አምና በመስከረም መባቻ ግን አንድ መንጋ መጥቶ ጓሮው ወይራ ላይ ተንጠለጠለ። ጥቁር፣ ቁጡ፣ የጥንት የዱር ንብ ነው። ጭሱን ይዞ ወጣ፣ ቆመ፣ አየው፣ ከዚያ ጭሱን መሬት አስቀመጠው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስናፍቅሽ ለጥር ልትዳር ነበር። አማቾቹ የከተማ ሰዎች ናቸው። በሽምግልናው ቀን የልጁ አባት ፈገግ እያለ፣ ክፉ ነገር ያልተናገረ መስሎት፣ «እናንተ አገር እንኳ ጠጁ የስኳር ነው አሉ» ብሎ ነበር። ሰው ሁሉ ሳቀ። ይርዳውም ሳቀ። ያቺ ሳቅ ግን ከአልጋው ጋር ተጋድማ ስታድር ከረመች። የአንድ ልጁን ሰርግ በስኳር ጠጅ ሊደግስ ነው፤ እሱ፣ የንብ ጠባቂው።

መንጋውን በቀፎ አስገብቶ ከአጥሩ ጥግ፣ ከወይራው ሥር ደበቀው። ንቡን ኮረብታው አላገደውም፤ ጠዋት ወጥቶ ከሰፊው እርሻ ኑግ ላይ ይውላል፣ ሲመለስ መንገዱ በእንጉዳይ ማሳ ላይ ነው። እዚያም አረፍ ይላል። ይርዳው ይህን ያያል። ከዚያ ቀፎውን ያነሣና ክብደቱን ያያል።

ማሩ ተቆረጠ፣ ሚስቱ አትጠገብ ጠጁን ጣለች፣ ሰርጉ ደረሰ። አማቹ ብርሌውን አንድ ጊዜ ተጎነጨና ዝም አለ፤ ይርዳውም ያን ዝምታ እስከ ዛሬ በልቡ ይዞታል። የመንደሩ ሰው ደግሞ ሞኝ አይደለም፣ የሰነፍ ንብ ማር ምን እንደሚመስል ያውቃል። አያ ሞላ ብርሌያቸውን ወደ ብርሃን አንሥተው አዩት፣ ከዚያ ይርዳውን አዩት፣ ከዚያ ጠጡ። ሌላውም እንዲሁ አደረገ። የጠየቀ የለም። የከበሮው ማሰሪያ እስኪላላ ተጨፈረ። ክረምት ሲገባ ንቡ በራሱ ጊዜ ጥሎት ሄደ፤ ይርዳውም ቀፎውን አቃጠለና ነገሩ አለፈ ብሎ ተነፈሰ። ንቡ ባረፈበት መስመር የረገፈው ዘር ግን ዘንድሮ ባለ ዘጠኝ ሆኖ በቀለ።

አሁን ሾላው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ጋቢ እንደ መጋረጃ ተወጥሮለት፣ ጆሮ ሆኗል።

መጀመሪያ የመጡት አያ ሞላ ናቸው። በከዘራቸው ተደግፈው ጎንበስ አሉ።

«እንጉዳይ ናት» አሉ። «ማሳው የሷ፣ አበባው የሷ።»

«አያ ሞላ፣ እርስዎ እኮ ያውቃሉ» አለ ይርዳው።

«ምኑን ነው የማውቀው? ያን ቀን ከጠጁ ስንት ብርሌ እንደጠጣሁ አልቆጠርኩም። አይቶ ያልተናገረ እንደ አጥፊው ነው የሚል ሕግ አለ፣ አንብበውልናል። አንተ ከተያዝክ ያ ድግስ የበላ ሁሉ ይያዛል። ደግሞስ ጆሮ ያደረግንህ ለምን መሰለህ?» ቀና አሉ፣ ከዚያ መልሰው ጎንበስ አሉ። «ጥሩ ጠጅ ነበር» አሉና ሄዱ።

ቀጥሎ የማራገፊያው ቤት ዘበኛ መጣ። «እንጉዳይ» አለ፣ ሌላ ቃል አልጨመረም። ቀጥሎ ሁለት ወንድማማቾች፣ ቀጥሎ መምህሩ፣ ቀጥሎ በሰርጉ ቀን ከበሮ የመታችው ሴት። አንዳንዱ ዓይኑን ጨፍኖ ነው ስሟን የሚጠራው። አንዳንዱ ትከሻውን መታ እያደረገ «አይዞህ» ይለዋል። ይርዳው «አይዞህ» የሚለውን መስማት ከሁሉ ከበደው። ጆሮው ጋለ። ተነሥቶ ቢሮጥ ወደደ፣ ግን ጋቢው ዳግም ተገለጠ።

አትጠገብ ስትመጣ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ነው።

«ስናፍቅሽ መውለጃዋ ደርሷል» አለችው። «በሩ ሲከፈት ለመታረስ የምትመጣው ወደ እናቷ ቤት ነው። ቤት ይኑራት፣ ይርዳው። ሌላ ምንም አልለምንህም።»

«እንጉዳይስ?»

«እንጉዳይ ብቻዋን ናት» አለች አትጠገብ። የተናገረችውን ራሷ ስትሰማው ፊቷ ተለዋወጠ፤ ቶሎ ብላ ሄደች።

ፀሐይ ወደ ኮረብታው ጫፍ ስታዘነብል የቀረች አንዲት ሰው ነበረች። እንጉዳይ ጋቢውን ገለጥ አድርጋ ገባችና ከጎኑ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ጥቁር ለብሳለች። አምና በጽጌ ወንድሟ ከመንደሩ ውጭ ሞቶባት፣ ዓመቱን ሙሉ ሐዘን ተቀምጣ፣ የክርስትና ልጇ ሰርግ ላይ እንኳ አልወጣችም። ከመንደሩ ሰው ያንን ጠጅ ያልቀመሰች እሷ ብቻ ናት።

«እንኳን አንተ ሆንክ» አለችው። «ለሌላ ሰው እንዴት እናገረው ነበር።»

«ምኑን፣ አበልጄ?»

«እኔ ነኝ።» እጆቿን ጭኗ ላይ ታሻሻለች። «ወንድሜ ሲሞት በሩ ተዘግቶ ነበር። አትሄጂም አሉኝ። በገደሉ በኩል በእግሬ ወርጄ ቀበርኩት፣ በማግስቱ ተመለስኩ። የሄድኩበት መንገድ ሁሉ የእነሱ ኑግ ነው፣ እስከ ደረቴ ይደርሳል። ስገባም አልተራገፍኩም። ይህን የሐዘን ልብሴን፣ ከሌን፣ ደግሞ እንደ ደንቡ እስከ አርባው አላጠብኩትም። በእሱው ነው ማሳዬ ውስጥ ስመላለስ የነበረው። ዘንድሮ ባለ ዘጠኙ አበባ በወጣ ጊዜ ወዲያው አወቅሁ።»

ይርዳው የኑግ አበባ ዱቄት ከአበባው ከተለየ ቀኑን እንደማይውል ያውቃል። በልብስ ላይ አድሮ የሚያዳቅል የለም። ባለ ዘጠኙ መስመር ከእሱ አጥር ተነሥቶ ወደ ኮረብታው እንጂ ወደ ገደሉ እንደማይሄድ ደግሞ ዓይን ላለው ሁሉ ይታያል። ሴትዮዋ ግን አላየችም፤ ጥፋቱን ከራሷ ውጭ አልፈለገችውም።

«ተነሥቼ በአፌ እንዳልናገር አፈርኩ» አለች። «ሠላሳ ዓመት ያላመንኳቸው መስሎ ይሰማቸዋል፤ እኔም እንዲህ ያለ ጉድ ይዤ ከሰው ጋር ስቆጥር መክረሜ ያንገበግበኛል። አንተ ስሜን ጥራልኝ። አንተ ስትለው ይሻለኛል።»

«አበልጄ…»

«ስናፍቅሽን ሳልስማት መሄዴ ነው የሚከፋኝ» አለችና ጋቢውን ገልጣ ወጣች።

ሕዝቡ ቆሞ ይጠብቃል። ሩሐማ ኮረብታውን አየችና ወደ ጋቢው ዞረች።

«አቶ ይርዳው፣ ወፍ ምን አለችዎት?»

ይርዳው ተነሣ። አያ ሞላ ከዘራቸውን እያዩ ነው። አትጠገብ እሱን እያየች ነው። እንጉዳይ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ስሟ ሲጠራ ለመራመድ እንደተዘጋጀ ሰው ቆማለች። ይርዳው ያንን አየ። የእንጉዳይን ስም ለመጥራት አፉን ከፍቶ ነበር፤ ይህን እሱም አይክድም። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ይርዳው ጎሹ» አለ።

ሩሐማ እሱ ራሱ መሆኑን ለመረዳት ጥቂት ጊዜ ወሰደባት። «ይህን ያለው ሰው አለ?» አለችው።

«የለም» አለ ይርዳው። «አንድም ሰው አላለም። ግን እኔ ነኝ።» ስለ መንጋው፣ ስለ ቀፎው፣ ስለ ሰርጉ ጠጅ ተናገረ፤ ድምፁ እየተቆራረጠ፣ ማንንም ሳያይ።

ከዚያ አያ ሞላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ ሰውዬው ለአበልጁ አዝኖ ነው» አሉ ለሩሐማ። «ምን ማር አለ? እኔ ሰርጉ ላይ ነበርኩ። ጠጁ የስኳር ነበር።»

«የስኳር ነበር» አለ ዘበኛው።

«ምን ይደበቃል፣ የለየለት የስኳር ጠጅ ነው» አለች ከበሮ የመታችው ሴት።

መምህሩም መሰከረ። ወንድማማቾቹም መሰከሩ። አንዱ እንዲያውም በማግስቱ ራሱን እንዳመመው ተናገረ። ይርዳው ቆሞ ሰማ። ያ ሁሉ ክፋት የተሠራው «የስኳር» የምትለው አንዲት ቃል እንዳትነገር ነበር፤ ይኸው መንደሩ ሁሉ ተሰልፎ በመንግሥት ሰው ፊት ተናገራት። አንገቱን ደፋ። ሊቆጣ ሞከረና ቁጣ አጣ፤ እነሱን ያጠጣቸው እሱ ነው።

«እንግዲህ ማስረጃ ከሌለ…» አለች ሩሐማ። «ቀፎው አለ?»

«አቃጥዬዋለሁ።»

«ማሩስ?»

«አልቋል።»

«አላለቀም» አለ አንድ ድምፅ።

እንጉዳይ ናት። ስትራመድ ሕዝቡ መንገድ ለቀቀላት። ወደ ቤቷ ወረደች፣ ብዙም ሳትቆይ በጨርቅ የተሸፈነ ትንሽ እንስራ ታቅፋ ተመለሰች። ይርዳው ሲያየው ብቻ ነው ያስታወሰው። ሰርጉ ላይ ስላልመጣች፣ ቅር እንዳይላት ብሎ፣ ከማሩ ቀንሶ ልኮላት ነበር። ክዳኑ ላይ የለሰነው ጭቃ እንደ ደረቀ ነው። አልተከፈተም።

እንስራውን ሩሐማ እግር ሥር አስቀመጠችው።

«ሐዘን ላይ ስለነበርኩ አልቀመስኩትም» አለች። «ለስናፍቅሽ መውለጃ ያስቀመጥኩት ነው።»

ሩሐማ ጭቃውን ሰበረችና የመሣሪያዋን ጫፍ ነከረች። መልሱ ጊዜ አልወሰደም። ማንም ምን እንዳለ አልጠየቃትም፤ ሽታው ደርሷቸዋል። የመሰከሩት ሁሉ መሬት መሬት ያያሉ። ሩሐማም አንድ በአንድ አየቻቸው፤ አንድ ስም ግን በቂዋ ነበር። ይርዳው ቤተሰቡን ይዞ በሳምንቱ መጨረሻ እንዲወጣ ነገረችውና ወረቀቷን አጣጠፈች።

ሕዝቡ ሳይሰነባበት ተበተነ። ጎተራው ተርፏል፤ ሰው ግን እርስ በርሱ አልተያየም። አትጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ይርዳው ወደ እንጉዳይ ሄደ፣ ይቅርታ ሊላት ከፊቷ ቆመ።

«አበልጄ» ብቻ አለ።

እንጉዳይ የተሰበረውን ጭቃ በእግሯ ገለል አደረገችው።

«ልጅቱ ለመታረስ እኔ ቤት ትምጣ» አለች። «ያለ ቤት አትቀርም። እርስዎ አያስቡ፣ አቶ ይርዳው።»

ባዶውን መሸፈኛ ጨርቅ አጣጥፋ ብብቷ ውስጥ ያዘችና ወደ ማሳዋ ወረደች።